የቤቱን ወረቀትና የየቀኑን ጉዳይ በምን ትይዙታላችሁ? እኔ ተሸንፌያለሁ

ሁልጊዜ_የረሳች
ማክሰኞ ጥቅምት 11፣ 2018፣ ማታ 3:40

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ የደረሰብኝን ልንገራችሁና የምትሉኝን በሉኝ።

እናቴ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል አላት። በየ3 ወሩ ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ ነኝ። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። ለምርመራው ብላ ቁርስ አልቀመሰችም። ካርድ ክፍል ስንደርስ ልጅቷ ቀና ሳትል "የካርድ ቁጥር?" አለችኝ። የለኝም። ቁጥሩ ያለባት ብጣሽ ወረቀት ባለፈው የያዝኩት ቦርሳ ውስጥ ናት። ቦርሳው ቤት ነው። "በስም ፈልጊልኝ" አልኳት። የእናቴ ስም ከነአባቷ ሰው የበዛበት ስም ነው፤ ተደርድሮ መጣ። ዕድሜ ጠየቀች፣ ሰፈር ጠየቀች፣ በመጨረሻ አገኘችው። ከዚያ ኮምፒውተሩን አየት አድርጋ "ቀጠሮዋ እኮ ትናንት ነበር" አለችኝ።

ስልኬ ላይ ኦክቶበር 21 ብዬ ነው የያዝኩት። የቀጠሮው ወረቀት 10/2/18 ይላል። ጥቅምት 10 ማለት ነው። ወደ ፈረንጅ ስገለብጠው በአንድ ቀን ስቻለሁ። ለሐሙስ ጥቅምት 20 ሌላ ቀጠሮ ተሰጠን። እናቴ ምንም አላለችኝም። ታክሲ ውስጥ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ "በባዶ ሆዴ እኮ ነው የመጣሁት" አለች።

ይሄ የዛሬው ነው። ባለፈው ወር እድር ሳልከፍል ቀኑ አልፎኝ ተቀጣሁ። የልጄን የልደት ሰርተፍኬት ትምህርት ቤት ሲጠይቀን 2 ቀን ቤቱን ስንገለብጥ ከርመን ፍራሽ ስር ተገኘ። ማን እዚያ እንዳስቀመጠው እስካሁን አልታወቀም። ባለቤቴ "አንቺ ነሽ" ይላል፣ እኔ "አንተ ነህ" እላለሁ።

መተግበሪያ አልሞከርሽም እንዳትሉኝ ብቻ። ስልኬ ላይ ለማስታወሻ የተጫኑ 4 መተግበሪያዎች አሉ። እነሱን መክፈት የሚያስታውሰኝ ነው የጠፋው።

እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት? ያነበባችሁትን ሳይሆን በእውነት የምትጠቀሙበትን ንገሩኝ።


ኮደሩ_ከሳሪስ
ማታ 4:05

አይዞሽ እህቴ። አዲስ መተግበሪያ አትጫኚ። ቀኑን ሙሉ የምትውይበት ላይ አድርጊው፣ ቴሌግራም ላይ ማለቴ ነው። "ሴቭድ ሜሴጅስ" የሚለውን ክፈቺ። "የእማዬ ቀጠሮ" ብለሽ ጻፊና የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርገሽ ያዢው። አስታዋሽ የሚል ይመጣልሻል፣ ቀንና ሰዓት ትመርጫለሽ። ሰዓቱ ሲደርስ ራስሽ ለራስሽ መልእክት ትልኪያለሽ። ሰው ደግሞ የመጣለትን መልእክት ሳያይ አያልፍም።

ወረቀቱን ሁሉ ፎቶ አንሺና እዚያው ጣይው። ከፎቶው ስር ግን ምን እንደሆነ በቃል ጻፊበት። ያልተጻፈበት ፎቶ ፍራሽ ስር እንዳለ ሰርተፍኬት ነው፤ መኖሩን እንጂ ያለበትን አታውቂም።

ለቤቱ ጉዳይ ደግሞ አንቺና ባለቤትሽ ብቻ ያላችሁበት ትንሽ ግሩፕ ክፈቱ። ሌላ ሰው አታስገቡ። አማትም ቢሆን።


ቡና_ያለ_ስኳር
ማታ 4:11

"አማትም ቢሆን" 😂 ይሄ ከልምድ የመጣ ነው።


ነርሷ
ማታ 4:48

እኔ ካርድ ክፍሉን አልፋችሁ የምታገኙኝ ሰው ነኝ። ሌላ ሐኪም ቤት ነው የምሠራው፣ ግን ታሪኩ ያው ነው። የካርድ ቁጥር የያዘ ሰው ከሰልፉ ይወጣል፣ ያልያዘ በስም ይፈለጋል። ስለዚህ ቁጥሩን በስልክሽ የስም ዝርዝር ውስጥ አስገቢው። "እማዬ ካርድ" ብለሽ። ኢንተርኔት ባይኖርም ይከፈታል።

የቀኑ ስህተት ከየት እንደመጣ ደግሞ ልንገርሽ። 11 ደምረሻል አይደል? እሱ የ2016 ስሌት ነው። የ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ከዚያ በኋላ እስከ የካቲት ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ተገፍቶ ነበር። ጥምቀት ራሱ ያን ዓመት ጃንዋሪ 20 ነው የዋለው፣ እንደ ወትሮው 19 አይደለም። ዘንድሮ ወደ ቦታው ተመልሷል። ጥቅምት ላይ 10 ነው የሚደመረው። ያን ዓመት የለመደ ሰው እስካሁን ይሳሳታል። በሚቀጥለው 2020 ሲገባ ደግሞ እንደገና ይመጣል።

ግን ስሌቱን ከምታጠኚ አትገልብጪ። በሐበሻ የተሰጠሽን ቀጠሮ በሐበሻ ጻፊ፣ በፈረንጅ የተሰጠሽን በፈረንጅ። ግድግዳሽ ላይ ሁለቱም ያለበት ካላንደር ይኑር። ስልክሽ ላይም የኢትዮጵያን ቀን የሚያሳይ መጫን ትችያለሽ። መገልበጡን የሚሠራው እሱ ይሁን፣ ጭንቅላትሽ አይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። እናትሽ የምትወስደውን መድኃኒት ከነሚሊግራሙ ወረቀት ላይ አስፍሪው፣ ወይ የካርቶኑን ፎቶ አንሺ። "ነጯ ክኒን" የሚሉን አሉ። ነጭ ያልሆነ ክኒን ስንት ነው? ባዶውን ማሸጊያ በፌስታል ይዘውልን የሚመጡ እናቶች ከሁሉም ይሻላሉ። ስም አያውቁም ግን እኛ እናነበዋለን።


ዲሲ_ያለሁት
ረቡዕ ጥቅምት 12፣ ሌሊት 8:20

እዚህ ገና ማክሰኞ ማታ ነው፣ ስለ ቀን ስታወሩ ደረስኩ።

የኔ ከቀን ይብሳል፣ የሰዓት ነው። ከ4 ዓመት በፊት እናቴ ልትጎበኘን ስትመጣ ቲኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በረራው ሐሙስ 00:30 ይላል። ለወንድሜ በስልክ "ሐሙስ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል" አልኩት። ትክክል ነኝ፣ አይደለም? ወንድሜ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ በርበሬና ሽሮ ሲያሳሽግ ዋለ። ማታ ቦሌ ይዟት ሄደ። አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሆኖታል። በእኛ ቋንቋ ያ ሰዓት ረቡዕ ሌሊት ነው፤ ለቲኬቱ ግን ሐሙስ ገብቷል። ቅጣቱን ከፍዬ ሌላ ቀን አስቆረጥኩ። በርበሬው ግን የዚያኑ ያህል ጥሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰዓት ስጽፍ የቀኑን ክፍል ሳልጽፍ አላልፍም። "ረቡዕ ማታ እራት በልታችሁ ትወጣላችሁ" ብዬ ነው የምጽፈው። ስልክ ላይ ደውል ስትሞሉም እንደዚያው። "ከሰዓት 8" የተባለን ቀጠሮ 8:00 ብሎ ሞልቶ ሲነጋ 2 ሰዓት ላይ የተደወለለት ሰው ስንት ነው?

ሌላው የስም ነገር ነው። የእኔ ስም በ3 ሰነድ ላይ 3 ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል አለው። አንዱ ላይ "ኤች" አለ፣ አንዱ ላይ የለም፣ አንዱ ላይ "ዋይ" የነበረው በ"አይ" ተተክቷል። እዚህ አገር አንድ ፊደል ስትለያይ ሌላ ሰው ነህ። ስለዚህ አንድ ገጽ አለኝ። በየሰነዱ ላይ ስሜ እንዴት እንደተጻፈ፣ የትውልድ ቀኔ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰነዱ የሚያልቅበት ቀን። ፎርም ስሞላ ከዚያ ላይ ነው የምገለብጠው፣ ከጭንቅላቴ አይደለም። ቤተሰቦቼ ፎርም ሲሞሉም ይህንኑ ነው የምልክላቸው።


ሁልጊዜ_የረሳች
ረቡዕ ጥቅምት 12፣ ጠዋት 2:15

ነርሷ፣ አዎ 11 ነው የደመርኩት! ልጄ የተወለደችው በ2016 ጥቅምት ነው። የእሷን ልደት ስገለብጥ የያዝኩት ነው። እግዜር ይስጥሽ፣ ቢያንስ አላበድኩም።

ኮደሩ፣ ትናንት ማታ 30 ፎቶ አነሳሁ። ዛሬ ጠዋት አንዱን ፈልጌ አጣሁት 🙈


መምህር_ከባሕር_ዳር
ረቡዕ ጠዋት 3:02

ያጣሽው ወረቀት ምንድን ነው? ልገምት፤ ስሙ ውስጥ "ሀ" አለበት።

ይሄን ማንም አይናገረውም። በአማርኛ ጽፋችሁ ስትፈልጉ ስልኩ "ሐኪም" እና "ሀኪም" አንድ መሆናቸውን አያውቅም። ማታ በ"ሐ" አስቀምጣችሁ ጠዋት በ"ሀ" ትፈልጋላችሁ፣ የለም ይላችኋል። "ፀሐይ"፣ "ጸሀይ"፣ "ሠነድ"፣ "ሰነድ"፣ "ዕቁብ"፣ "እቁብ"... አንድን ቃል በ3 ዓይነት የምንጽፍ ሰዎች ነን። ቋንቋውን አስተምራለሁ፣ የቱ ትክክል እንደሆነ ላስረዳችሁ እችላለሁ። ግን ለዚህ ጉዳይ ትክክሉ አይጠቅማችሁም። አንዱን ምረጡና አትቀያይሩ። እኔ ለራሴ ፋይል ሁልጊዜ "ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ" ብቻ ነው የምጠቀመው። ክፍል ውስጥ እንዲህ ብጽፍ ተማሪዎቼ ይስቁብኛል።

የፋይል ስም ላይ ደግሞ ቀኑን በቁጥር፣ ከዓመቱ ጀምሩ። 2018-02-10። በወር ስም ከጻፋችሁ ስልኩ በፊደል ተራ ስለሚደረድር ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል።


ሁልጊዜ_የረሳች
ረቡዕ ጠዋት 3:09

"ሐኪም ቤት ቀጠሮ" ነበር 😭 በ"ሐ" አገኘሁት!!


አስር_ላይ
ረቡዕ ጠዋት 4:30

እኔ ስልክም ደብተርም ብዙ አልወድም። ቀኔ በሶላት የተከፈለ ነው፤ ጉዳዬንም በዚያው እሰቅለዋለሁ። "ከዙህር (ከቀትሩ ሶላት) በፊት ባንክ"፣ "ከአስር ሶላት በኋላ ልጆቹን ማምጣት"። ሰዓት ብለው የያዙት ጉዳይ ያልፋል። ከሶላት ጋር የተያዘ ግን አያልፍም፣ ምክንያቱም ሶላቱን ራሱ አላሳልፈውም። የወሩን ክፍያዎች ሁሉ ደግሞ ከወሩ መጀመሪያ ጁምዓ በኋላ አንድ ላይ ከፍዬ እገላገላለሁ። ውሃ፣ መብራት፣ እድር፣ የሰፈር ጥበቃ። አብዛኛው በቴሌብር ነው፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጨርሰው።


የሽሮ_ሜዳ_ልጅ
ረቡዕ ጠዋት 4:52

አስር_ላይ ያለው እውነት ነው። እናቴ ማንበብ አትችልም። ግን በቤታችን ቀን የምትጠየቀው እሷ ናት። እድሯ በሚካኤል ነው፣ 12። ማኅበሯ በማርያም፣ 21። የቤት ኪራይ የሚከፈላት በመድኃኔዓለም ነው፣ 27። ተከራዩ ፕሮቴስታንት ነው፣ ግን እሱም "መድኃኔዓለም ደረሰ" ማለት ጀምሯል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣልን ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው። ማክሰኞ ማታ ማንም ሳይነግራት ጀሪካኖቹ ተደርድረው አገኛቸዋለሁ። እኔ በስልክ ደውል ሞልቼ አንድም ቀን አልነቃሁም።


ጋሼ_ደብተር
ረቡዕ ከሰዓት 9:10

ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። እኔ እዚህ ብዙ አልጽፍም። ልጄ ናት አንብባ ያሳየችኝ፣ ጣቴም ለዚህ ነገር ዘገምተኛ ነው። ግን የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ 23 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ስለዚህ አንድ ነገር ልበል።

ሁላችሁም የምትናገሩት ስለ ማስታወስ ነው። እኔ የታዘብኩት ሌላ ነው። የእኛ ሰው ጉዳዩ በእጁ እያለ አይረሳውም። ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው የሚረሳው። ማመልከቻውን ያስገባል፣ "ሐሙስ ተመለስ" ይባላል፣ ቤቱ ሲገባ "ጨርሻለሁ" ብሎ ያስባል። አልጨረሰም። ጉዳዩ እዚያ መስኮት ላይ ተኝቷል። ቧንቧ ሠራተኛው ቀብድ ተቀብሎ ሄዷል። ብድር የወሰደው ዘመድ "ደመወዝ ስቀበል" ብሏል። እነዚህ ሁሉ "የምሠራው ሥራ" ተብለው አይጻፉም፣ ምክንያቱም ሠሪው ሌላ ነው። ግን ካልተከታተልካቸው እዚያው ይቀራሉ።

ስለዚህ ደብተሬ 4 ዓምድ አለው። ቀን። ጉዳይ። ማን ጋ ነው። ምን ተባለ።

ከአምናው አንድ መስመር ልገልብጥላችሁ። "ግንቦት 6። የካርታ ኮፒ። ወረዳ፣ መስኮት 4፣ መነጽር ያላት ቀጭን ልጅ። ሐሙስ ከ5 ሰዓት በፊት ና፣ ኃላፊው ስብሰባ ነው።" ስማቸውን አይነግሩህም፣ ስለዚህ መልካቸውን እጽፋለሁ። ሐሙስ ሄጄ "ያቺ መነጽር ያላት" ስል ዓመታዊ ፈቃድ ወጥታለች አሉኝ። ማኅደሩ ግን በጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ያ መስመር ባይኖረኝ "የትኛዋ ልጅ?" ሲሉኝ ተመልሼ ከዜሮ እጀምር ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ቡና እየተፈላ፣ ሦስተኛውን ዓምድ ብቻ አነባለሁ። "እኔ ጋ" የሚለውን ሰኞ እሠራለሁ። የሌላ ሰው ስም ያለበትን እደውላለሁ። ያለቀውን በእርሳስ እሰርዛለሁ፣ እንዲነበብ አድርጌ። ከ3 ዓመት በኋላ "ከፍለሃል ወይ?" የሚል አይጠፋም።

ወረቀቱን በተመለከተ፦ ክላሴር ግዙ። በክላሴሩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ምን ምን እንዳለበት ጻፉ። ኦርጂናል ከቤት ሲወጣ በቦታው ብጣሽ ወረቀት ይግባ፤ "ካርታው ትንሹ ልጅ ወስዶታል፣ ለባንክ፣ ሚያዝያ 5"። በእኔ ቤት ያለ ብጣሽ ወረቀት ኦርጂናል የሚያወጣ የለም። ባለቤቴም ብትሆን።


ቡና_ያለ_ስኳር
ረቡዕ ከሰዓት 9:22

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን። "ማን ጋ ነው" የሚለውን አሁኑኑ ስልኬ ላይ ሞከርኩት። 11 ጉዳይ ጻፍኩ፣ እኔ ጋ ያለው 3 ብቻ ነው። ለካ ሥራ አይደለም ያዛለኝ፣ ሰው መጠበቅ ነው።


ተዘረፍኩ
ረቡዕ ማታ 1:35

የእኔን ስም አይታችሁ ገምቱ።

ሁሉንም ስልክ ላይ የምታደርጉ፣ ስልክ ይሰረቃል። የእኔ ሚኒባስ ውስጥ ነው የተወሰደው፣ ከፍ ብዬ መስኮት ስከፍት። የፋይዳ ቁጥሬ በኤስኤምኤስ የመጣልኝ እዚያ ላይ ነበር። የቲን ቁጥሬ፣ 10 አሃዙን በቃሌ የማላውቀው፣ እዚያ ነበር። የባንክ ደብተሬ ፎቶ እዚያ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን፣ ባለቤቴን ልደውልላት ከሰው ስልክ ለመንኩና ቁጥሯን አላውቀውም። 9 ዓመት በትዳር ኖረናል።

ደብተር የምትሉም፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደብተሬ ከነቦርሳው ታክሲ ላይ ቀርቶብኛል። ስለዚህ አሁን ሁሉም ነገር 2 ቦታ ነው። ወረቀቱ ቤት፣ ፎቶው ስልክ ላይ። ኪስ ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ 3 የስልክ ቁጥር በእጅ የተጻፈባት ወረቀት አለች፣ በስኮች ለብጫታለሁ።

ቴሌግራም ለምትጠቀሙ፦ ሲም ካርዱን የያዘ ሰው በኮድ ገብቶ ሁሉንም ሊያይ ይችላል። ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃሉን አብሩት። የሚስጥር ቁጥር፣ ፒን፣ ፓስወርድ ግን እዚያ አታስቀምጡ። ተራው ቻት አገልጋያቸው ላይ ነው የሚቀመጠው፣ እንደ ሚስጥራዊ ቻቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም።


ኮደሩ_ከሳሪስ
ረቡዕ ማታ 1:50

ተዘረፍኩ ልክ ነው፣ ይሄን ትናንት ማለት ነበረብኝ። ፒናችሁን "አቶ ባንክ" ብላችሁ በስልክ ቁጥር መልክ የመዘገባችሁ ደግሞ፣ መጨረሻው 4 አሃዝ እንደሆነ ሌባውም ያውቀዋል። እሱም እንደዚያው ነው የሚመዘግበው።


ቡና_ያለ_ስኳር
ረቡዕ ማታ 1:52

ስሙን ልቀይረው ሄድኩ።


ሪያድ_ያለች_እህት
ሐሙስ ጥቅምት 13፣ ሌሊት 7:15

ሰላም። ሥራ ጨርሼ አሁን ነው ያነበብኩት። እናንተ ወረቀት ሲጠፋባችሁ ትመላለሳላችሁ። ለኛ ለየት ይላል።

ፓስፖርቴ አሠሪዎቼ ጋ ነው ያለው። እዚህ ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። ስለዚህ ገና አገር ቤት ሳለሁ የፓስፖርቴን፣ የውሌን፣ የኤጀንሲውን ደረሰኝ ሁሉ ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት። ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) ሲወጣም ፊትና ጀርባውን። እሷ አትማ በክላሴር አድርጋዋለች። የመጀመሪያው ቤት ከባድ ነበር፣ ስልኬን ወስደውብኝ ያውቃሉ። ያን ጊዜ የፓስፖርት ቁጥሬን ያወቀችው አገር ቤት ያለችው እህቴ ናት። በእሷ በኩል ነው የተነጋገርነው። ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ማን ጋ እንዳለ ማወቅ።

ወደ አገር ቤት የምልከውን ብር ደግሞ ትንሽ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ቀኑን 3 ጊዜ ነው የምጽፈው። ኢቃማው ላይ የሂጅራ ቀን አለ፣ የመላኪያው ደረሰኝ የፈረንጅ ነው፣ እናቴ የምታውቀው የሐበሻውን ነው። "በስንት ቀን ላክሽው?" ስትለኝ "ጥቅምት 3" ካላልኳት አታምነኝም።

ወደዚህ የምትመጡ እህቶች ካላችሁ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ይሄን አድርጉ። የ3 ሰው ስልክም በቃላችሁ ያዙ። በቃላችሁ፣ በስልካችሁ አይደለም።


ሁልጊዜ_የረሳች
ሐሙስ ጠዋት 2:40

የሪያዷ እህቴ፣ አንቺን ሳነብ የኔ ቁጥሩን ቤት መርሳት አሳፈረኝ። ፈጣሪ ይጠብቅሽ።

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ደብተር ዛሬ እገዛለሁ። ውጤቱን መጥቼ እነግራችኋለሁ።


ሁልጊዜ_የረሳች
ቅዳሜ ህዳር 6፣ ማታ 2:20

ቃሌን ልጠብቅ። ረጅም ነው፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ ያልሠራውን ልናገር። የቴሌግራሙ አስታዋሽ ለቀጠሮ ጥሩ ነው፣ ለየቀኑ ነገር ግን ተውኩት። "ሽንኩርት"፣ "ጋዝ አስሞዪ"፣ "ዳይፐር" እያለ በስብሰባ መሃል ይጮሃል። አለቃዬ አንድ ቀን "ዳይፐር ምንድን ነው?" አለኝ። የግዢ ዝርዝር አሁን ፍሪጁ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው፣ ያለቀበት ሰው ይጽፋል። ባለቤቴ ካላንደሩን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየው። ግን ግሩፑን ያያል፣ ስለዚህ ለእሱ ግሩፑ ላይ ነው የምጽፈው። ሰውን መቀየር ትቼ ጽሑፉን እሱ ወዳለበት ወሰድኩት።

ደብተሩ ግን ያዘኝ። የጋሼ 4 ዓምድ። እሑድ እሑድ እናነባለን። በመጀመሪያው እሑድ 19 ጉዳይ ነበር፣ እኔ ጋ የነበረው 6 ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱ ከሐምሌ ጀምሮ ቀብድ የወሰደው የቁም ሳጥን አናጢ ነው። ስንደውልለት "እኔ እኮ እናንተ ትታችሁት መስሎኝ" አለን! ቁም ሳጥኑ በሳምንቱ መጣ። አንድ በሩ አይዘጋም፣ እሱም ደብተሩ ላይ ተጽፏል።

ወረቀቱ ላይ ስደርስ ከእናቴ ጋር ተጣላሁ። የእናቴ ሰነድ ሁሉ ያለው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሰማያዊ፣ ክዳኑ የተላላጠ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው። ወደ ክላሴር ላዛውረው ስል ከእጄ ቀማችኝ። ከዚያ ራሷ አልጋው ላይ ዘረገፈችው። የእድር ደብተሯ። የአባቴ የጡረታ ወረቀት። በ1978 የተቆረጠ የውሃ ደረሰኝ፣ በላስቲክ ክር ታስሮ። የእኔ የክትባት ካርድ። የ8ኛ ክፍል ካርዴ፣ ሒሳብ 54። "ይሄን ለምን አስቀመጥሽው?" አልኳት። "የጠየቀ ቢመጣ" አለችኝ። ማን ነው የሚጠይቀው?

በመጨረሻ ተስማማን። ሁሉንም ፎቶ አነሳሁ፣ 41 ወረቀት፣ እያንዳንዱን ሰየምኩ፣ በ"ሀ" እና በ"ሰ" ብቻ። ቆርቆሮው ቦታው ተመለሰ። ክዳኑ ውስጥ ዝርዝር ለጠፍኩበት። የካርድ ቁጥሯ ስልኬ ላይ፣ ባለቤቴ ስልክ ላይ፣ ክዳኑ ላይ አለ።

የጥቅምት 20ውን ቀጠሮ በሰዓቱ ደረስን። ልጅቷ "የካርድ ቁጥር?" ስትል ቀድሜ ሰጠኋት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ያስታወሰችኝ ይመስለኛል። ለቀጣዩ ለጥር 21 ቀጠሩን። ደብተሬ ላይ በሐበሻ ጻፍኩ፣ ካላንደሩ ላይ ከበብኩት፣ አስታዋሽ ሞላሁ። ሦስት ቦታ። ኮራሁ።

ታክሲ ውስጥ ለእናቴ ስነግራት አንድ ሰከንድም አላሰበችም። "ጥር 21? አስተርዮ ማርያም ናት እኮ። አልሄድም።" ተመልሼ ሄጄ ለጥር 22 ላስቀይረው ስል "እሱ ዑራኤል ነው" አለች። ማክሰኞ ጥር 26 ሆነ።

ደብተሩ ላይ ሦስተኛው ዓምድ ላይ "እናቴ ጋ" ብዬ ጻፍኩ።


የሽሮ_ሜዳ_ልጅ
ቅዳሜ ማታ 2:31

😂😂😂 አልኳችሁ እኮ!


ነርሷ
ቅዳሜ ማታ 2:44

ለጥር 21 የቀጠርናቸው ሰዎች ግማሹ እንደማይመጡ እኛም እናውቃለን። መድኃኒቷ እስከ 26 እንደሚደርስ ግን ቁጠሪ። 5 ቀን ነው የገፋችሁት።


ሁልጊዜ_የረሳች
ቅዳሜ ማታ 2:50

ኧረ! እሱን አላሰብኩትም። አሁኑኑ ልቁጠር።


አዲስ_ገቢ
እሑድ ህዳር 7፣ ጠዋት 3:15

ይቅርታ፣ አሁን ነው ያገኘሁት። ጋሼ፣ ደብተሩ ባለ ስንት ሉክ ነው የሚገዛው?


ጋሼ_ደብተር
እሑድ ከሰዓት 7:40

ባለ 50 ይበቃል ልጄ። ጠንካራ ሽፋን ያለውን ግዛ፣ ስፕሪንግ ያለውን አይደለም፤ ስፕሪንግ ያለው ገጹ ይቀደዳል። የእድሩ ስብሰባ አለብኝ፣ ልሂድ።